ነጩ እርሳስ፣ ኩላችንና የወንበሮቹ ቀለም

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ጥናት የተጀመረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአቧራ ነው።

ባለፈው ክረምት የሕፃናቱን ክፍል አግዳሚ ወንበሮች ለማደስ ተነሥተን ነበር። ወንበሮቹ ከእኛ በፊት የነበሩ ወጣቶች ቢጫ የዘይት ቀለም የቀቧቸው፣ ከዓመታት ብዛት ቀለማቸው የተሰነጣጠቀና የተላላጠ ናቸው። ብርጭቆ ወረቀት ገዝተን ሁለት ቀን ሙሉ ፈገፈግናቸው። ክፍሉ በቢጫ ብናኝ ታፈነ፤ ጠጕራችን፣ ልብሳችን፣ ለምሳ የያዝነው ዳቦ ሳይቀር ቢጫ ሆነ። እርስ በርሳችን እየተያየን «አደይ አበባ መሰልን» እያልን ሳቅን። ሕፃናቱም ሊያዩን እየመጡ ወለሉ ላይ በተኛው ብናኝ በጣታቸው ፊደል ይጽፉ ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ጣቷን ወደ አፏ ስታስገባ አይተን «ተይ፣ ቆሻሻ ነው» ከማለት በቀር ምንም አላደረግንም።

ነገሩ የገባን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ለአንድ ቀን ጥናት ወደ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል በሄድን ጊዜ ነው። ማዕከሉን ያላያችሁ ብትኖሩ፣ በከተማችን ሰሜን በእንጦጦ ተዳፋት ላይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ሰፊ ቦታ ነው፤ ስፋቱ 705 ሄክታር ነው ይባላል። ባሕር ዛፍ ለብሶ የኖረው መሬት ቀስ በቀስ ለጽድ፣ ለወይራ፣ ለኮሶና ለሌሎች አገር በቀል እጽዋት እየተመለሰ ነው። አብረውን ከመጡት ታላላቆች መካከል ዕድሜያቸውን በቀለም ቀቢነት ያሳለፉ አንድ አባት ነበሩ። እኛ «ጋሼ» እንላቸዋለን።

ምሳ በልተን ከጥላው ሥር ስናርፍ አንዲት እኅታችን ስለ እንሶስላ አነሣች። እንሶስላ እንደምታውቁት በደጋ አገር፣ ጥላና እርጥበት ባለበት ወንዝ ዳር የሚበቅል፣ ነጭ አበባ ያለው ተክል ነው። ውበቱ ያለው ግን በአበባው ሳይሆን በሥሩ ነው፤ እናቶቻችን ለበዓልና ለሠርግ እጅና እግራቸውን የሚሞቁት በእርሱ ነው። እኅታችንም «ጋሼ፣ የድሮ ሴቶች የሚዋቡበት ሁሉ እንዲህ ከተክል ነበር አይደል?» ብላ ጠየቀች።

«እንሶስላው ከተክል ነው፤ ኩሉ ግን ከድንጋይ ነው» አሉ ጋሼ። «የፈረንጆቹ ሴቶች ፊታቸውን የሚያነጡበት ደግሞ ከእርሳስ ነበር። እኛም ቀለም ቀቢዎቹ እርሳስ ያለበትን ቀለም በርና መስኮት ላይ ስንለቀልቅ ኖርን።»

ከዚያ ነገሩ ወደ ወንበሮቻችን ዞረ። «ደረቁን ፈገፈጋችሁት?» አሉን። አዎን አልን። «ልጆቹስ የት ነበሩ?» ሲሉን የመለሰ አልነበረም። ጋሼም ሥራውን ስላስተማሯቸው ሰው አጫወቱን። ሰውየው ሆዳቸውን እየቆረጠ ያስቸግራቸው ነበር፤ በኋላም የቀኝ እጃቸው አንጓ ዝሎ ወደ ታች ተንጠለጠለ፤ ብሩሽ መያዝ አቃታቸው። በዚያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ «ብርድ መትቷቸው ነው» አለ። ጋሼ ራሳቸው የነገሩን ትክክለኛ ስም የሰሙት ብዙ ቆይተው ነው።

እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያነበብነውንና የጠየቅነውን እነሆ ጽፈናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት የአገራችን መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አንድ ስሕተት እናርም። በእኛ ቋንቋ እርሳስ የሚለው ቃል ለሁለት ነገር ይውላል፤ አንዱ ተማሪ የሚጽፍበት ነው፣ ሌላው ለስላሳው ከባድ ብረት ነው። የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት የተባለ የከሰል ወገን እንጂ ብረቱ እርሳስ አይደለም። ስለዚህ የእርሳስ ጫፍ የሚያኝክ ልጅ ያላችሁ አትደንግጡ። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለ ብረቱ ነው።

ከዚህ ብረት ነጭ ዱቄት ማውጣት የሰው ልጅ ከቀደሙት ብልሃቶቹ አንዱ ነው። ቴዎፍራስጦስ የተባለው የግሪክ ፈላስፋ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ አሠራሩን ጽፎት ነበር። እርሳሱን ከኮምጣጤ በላይ በተዘጋ ዕቃ ያስቀምጡታል፤ የኮምጣጤው ትነት ብረቱን ይበላውና ላዩ ላይ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፤ ቅርፊቱን ፍቀው ይፈጩታል። ሆላንዶች በኋለኛው ዘመን ይህንኑ አሰፉት። በትንንሽ የሸክላ ማሰሮዎች ኮምጣጤ ያደርጋሉ፣ የእርሳስ ቁርጥራጭ ከላዩ ያኖራሉ፣ ማሰሮዎቹን በፈረስ ፋንድያ ቀብረው ደርድረው ቤቱን ይዘጋሉ። ፋንድያው ሲብላላ ሙቀትና የተቃጠለ አየር ይሰጣል። ከሦስት ወር በኋላ ሲከፈት ግራጫ ሆኖ የገባው ብረት እንደ በረዶ ነጥቶ ይገኛል። ከፋንድያና ከኮምጣጤ መካከል እንዲህ ያለ ንጣት መውጣቱ እኛን አስገርሞናል፤ የጥንት ሰዎች ቢማረኩበት አይፈረድባቸውም።

ይህ ዱቄት አስቀድሞ የተቀባው ግድግዳ ላይ ሳይሆን ፊት ላይ ነው ለማለት ይቻላል። በግሪክ አገር በሴቶች መቃብር ውስጥ ነጭ እርሳስ የያዙ ትንንሽ ዕቃዎች ተገኝተዋል። ዜኖፎን የተባለው ጸሐፊ ስለ ቤት አስተዳደር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ባል ሚስቱን ፊቷን በነጭ እርሳስ ቀብታ፣ ጉንጯን አቅልታ ቢያያት እንዴት እንደ ገሠጻት ይተርካል። ባልየው የተቆጣው መርዝ ነው ብሎ አልነበረም፤ ያልሆነችውን መስላ ልታታልለው የፈለገች መስሎት ነው። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ ደግሞ የእንግሊዝ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በ1562 ፈንጣጣ ይዟት ከዳነች በኋላ ጠባሳዋን በዚህ ዱቄት ትሸፍን እንደ ነበር ይባላል። በጃፓንም የቤተ መንግሥት ሴቶችና የካቡኪ ተዋንያን ፊታቸውን በእርሳስ ነጭ ያነጡ ነበር።

ሰው ሁሉ የሚያወራላት ግን ማሪያ ጋኒንግ ናት። ከእኅቷ ጋር ከአየርላንድ ወደ ለንደን የመጣች፣ በቁንጅናዋ ሕዝብ በየመንገዱ የሚጋፋላት፣ የኮቨንትሪ ባላባት ያገባት ሴት ነበረች። በ1760 ገና 30 ዓመት ሳይሞላት ሞተች። የዘመኗ ሰዎች የገደላት የፊት ቀለሟ ነው አሉ፤ ሳንባ ነቀርሳ ነበረባት የሚሉም አሉ። የትኛውም ይሁን፣ የነጭ እርሳስ ክፋት የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ቆዳውን ያበላሻል፣ የተበላሸውን ለመሸፈን ሴትዮዋ ሌላ ትጨምርበታለች፣ የተጨመረው ደግሞ የባሰ ያበላሻል። እኛ ወጣቶች በእነዚህ ሴቶች ለመሳቅ ቸኩለን ነበር። አንዲት እኅታችን ግን «ዛሬ ፊት የሚያነጣ ክሬም የምንገዛው እኛ ከእነርሱ በምን እንሻላለን?» አለችን። እውነቷን ነው፤ በዓለም ገበያ ከሚሸጡት የሚያነጡ ክሬሞች በአንዳንዶቹ ውስጥ ባዜቃ፣ ማለት ሜርኩሪ፣ ተገኝቷል። መርዙ ተለወጠ እንጂ ምኞቱ ያው ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የጠየቅነው ጥያቄ አለ። መርዝ መሆኑን ሳያውቁ ነው ወይ? አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ እርሳስ የሚያቀልጡ ሠራተኞች ፊታቸው የገረጣ መሆኑን አይቶ፣ ውኃ በእርሳስ ቧንቧ ከሚመጣ በሸክላ ቧንቧ ቢመጣ ይሻላል ብሎ ጽፏል። እንግዲህ ከ2000 ዓመት በላይ ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ለምን አልተወም? መልሱ ቀላልና አሳዛኝ ነው። ነጭ እርሳስ በሥራው እጅግ ጥሩ ነበር። ከዘይት ጋር ሲዋሐድ እንደ ቆዳ የሚለጠጥ፣ ዝናብና ፀሐይ የማይሰነጥቀው፣ በጥቂት ቅብ የሥሩን የሚሸፍን ቀለም ይሆናል። ቤቱን የሚያስቀባው ሰው ደግሞ ዱቄቱን የሚፈጨው ሰው አልነበረም።

ማን ይፈጨው ነበር? በእንግሊዝ አገር በነጭ እርሳስ ፋብሪካዎች ውስጥ ማሰሮዎቹን የሚደረድሩ፣ የደረቀውን ነጭ በራሳቸው ተሸክመው የሚያወጡ በብዛት ድኻ ሴቶች ነበሩ። ሌላ ሥራ ያጣች ሴት ወደዚያ ትገባለች። ሆድ ቁርጠት፣ ደም ማነስ፣ ፅንስ ማስወረድ፣ በመጨረሻም የሚጥል በሽታና መታወር ይከተላል። የእንግሊዝ መንግሥት በ1883 ስለ እነዚህ ፋብሪካዎች ሕግ አወጣ፤ በ1898 ደግሞ ሴቶች በአደገኞቹ ክፍሎች እንዳይሠሩ ከለከለ። ወንዶቹ ግን ቀጠሉ።

በ1921 የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ ነጭ እርሳስ ራሱን የቻለ ስምምነት አወጣ፤ በተራ ቁጥር 13ኛው ነው። በቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ነጭ እርሳስ መቀባትን ከለከለ፤ ሴቶችና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች በዚህ ቀለም እንዳይሠሩም አዘዘ። የቤቱን ውጭ መቀባት ግን ፈቀደ። ስምምነቱ ያሰበው ስለ ቀቢው ነበር፤ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በዚያ ቤት ስለሚያድገው ልጅ ያሰበ ጥቂት ነው።

ስለ ልጁ ያሰበው ከሩቅ አገር ሐኪም ነው። በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ክፍለ ሀገር፣ ብሪስበን በተባለች ከተማ በ1890ዎቹ ሕፃናት ሆዳቸውን እየታመሙ፣ እጅና እግራቸው እየዛለ፣ አንዳንዶቹም ዓይናቸው እየጠፋ ወደ ሐኪም ቤት ይመጡ ነበር። ሐኪሞቹ በእርሳስ የተመረዙ መሆናቸውን ዐወቁ፤ ከየት እንደ መጣ ግን ጨነቃቸው። ውኃውን መረመሩ፣ ምግቡን መረመሩ። ጆን ሎክሃርት ጊብሰን የተባለው የዓይን ሐኪም በ1904 ምንጩን አገኘው፤ የቤቶቹ በረንዳ መደገፊያ ነበር። በዚያች ሞቃት ከተማ ልጆች ቀኑን የሚውሉት በረንዳ ላይ ነው። ቀለሙ በፀሐይ ደርቆ ይበናል፣ ብናኙ በእጃቸው ይጣበቃል፣ እጃቸውን ይልሳሉ፣ ጥፍራቸውን ይነክሳሉ። የእርሳስ ቀለም ትንሽ ይጣፍጣል መባሉም አንድ ነገር ነው። ኩዊንስላንድ ልጆች በሚደርሱበት በረንዳ ላይ የእርሳስ ቀለም መቀባትን በሕግ የከለከለችው በ1922 ነው። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚውለውን የእርሳስ ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው፤ ጊብሰን ከተናገረ ከ74 ዓመት በኋላ።

ይህን ስናነብ የሁላችንም ልብ የሄደው ወደዚያች ጣቷን ወደ አፏ ወዳስገባችው ልጅ ነው።

እርሳስ በሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል? ሰውነታችን እርሳስን ከካልሲየም መለየት ይቸግረዋል። ካልሲየም በሚገባበት ይገባል፣ ካልሲየም በሚሠራበት በነርቭና በአንጎል ውስጥ ተቀምጦ ሥራውን ያውካል፣ የተረፈው በአጥንት ውስጥ ይከማቻል። በአጥንት ከገባ በዐሥር ዓመታት በሚቆጠር ጊዜ ይኖራል። ሴት ስታረግዝ አጥንቷ ካልሲየም ለፅንሱ ሲያበድር ከልጅነቷ ጀምሮ ያከማቸችውን እርሳስ አብሮ ሊሰጠው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሕፃን ልጅ ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚያስገባው ከዐዋቂው ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይበልጣል፤ ምንም ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ መጠንም የለም። ከሁሉ የሚከፋው ልጁ ታሞ አለመተኛቱ ነው። ትምህርት ይከብደዋል፣ ያነጫንጨዋል፣ ልቡ አይረጋም። እኛም «ሰነፍ ነው» እንላለን።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የጥንቱ የኢትዮጵያ ቤት ግድግዳ የሚለቀለቀው በነጭ አፈር፣ በአመድና በእበት፣ ቆይቶም በኖራ ነበር፤ በእነዚህ እርሳስ አልነበረባቸውም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያንም ሥዕል የሚያርፍበትን ነጭ ንጣፍ የሚያዘጋጁት በጀሶ ነው። ይህን ስናገኝ ደስ ብሎን «የእኛ አባቶች ከመርዝ ነጻ ነበሩ» ብለን ልንጽፍ ነበር። ጥቂት ገፋ አድርገን ስናነብ ግን በድሮ ብራናዎችና ሥዕሎች ላይ ያለው ቀይ ብዙ ጊዜ ከባዜቃ ማዕድን፣ ቢጫውም ከአርሴኒክ ማዕድን የሚገኝ መሆኑን ተረዳን። ስለዚህ ትምክሕቱን ትተነዋል።

የእርሳስ ቀለም በብዛት የገባብን በቆርቆሮ ታሽጎ ከመጣው የዘይት ቀለም ጋር ነው። ነጭ እርሳስን ከገበያ ያስወጣው በመጀመሪያ የዚንክ ነጭ፣ ከ1920ዎቹ ወዲህ ደግሞ የቲታኒየም ነጭ ነው፤ እርሳስ ግን በሌላ በር ተመልሶ ገባ። ለብረት በር ሥር የሚቀባው አንቲ ረስት ከቀይ እርሳስ የሚሠራበት ዘመን ነበር። ብሩህ ቢጫና ብርቱካን ቀለም ከእርሳስ ክሮሜት ይሠራል። ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅም እርሳስ ይጨመርበታል። ስለዚህ በየአገሩ ቀለም ሲመረመር ከነጩ ይልቅ ቢጫው የባሰ ሆኖ ይገኛል። እኛ ደግሞ ለሕፃናት ክፍል፣ ለመዋዕለ ሕፃናት በር፣ ለዥዋዥዌና ለሸርተቴ የምንመርጠው ቢጫውን ነው፤ ልጆች ደስ ይላቸዋል ብለን።

በአገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. በቀለም ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ የሚቆጣጠር ደንብ አውጥቷል፤ ቁጥሩ 429 ነው። የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን ከሚሊዮን 90 እጅ ነው። በቀላሉ ስንናገረው፣ በአንድ ኪሎ የደረቀ ቀለም ውስጥ ከ90 ሚሊግራም እርሳስ መብለጥ የለበትም። ይህን ከጥንቱ ነጭ እርሳስ ቀለም ጋር አነጻጽሩት፤ በአንዳንዱ ከደረቀው ቀለም ክብደት ግማሽ ያህሉ እርሳስ ነበር። ደንቡ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ደንብ ወደ ኋላ ሄዶ የተቀባ ወንበር አይፍቅም። ከደንቡ በፊት የተቀባው በር፣ መስኮት፣ የቆርቆሮ አጥርና የአልጋ ብረት አሁንም በየቤታችን አለ።

ጋሼ በጉለሌ «ኩሉ ግን ከድንጋይ ነው» ያሉትንም አልረሳነውም። ስለ ኩል መጻፍ ከብዶን ነበር፤ እናቶቻችንን የምንነቅፍ እንዳይመስል። ኩል በእኛ ዘንድ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ በግእዙም ኵሕል ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱሳችንም ዓይን የሚድንበት መድኃኒት ተብሎ የተጠራበት ስፍራ አለ። (ዐረቦች አል ኩሕል ከሚሉት ከዚሁ ቃል አልኮል የሚለው ስም መውጣቱን ስታውቁ ሳትደነቁ አትቀሩም። መጀመሪያ የላመ ዱቄት ማለት ነበር፤ በኋላ የነገር ሁሉ ጭማቂ ማለት ሆነ፤ ቆይቶም ለመጠጡ ቀረ።) ሙሽራ ሳትኳል ሠርግ አይደምቅም። ለአራስ ልጅም ዓይኑ እንዲያምርና እንዳይታመም ብለው የሚኩሉ ቤቶች አሉ።

ነገር ግን በብዙ አገር ገበያ ኩል ተብሎ የሚሸጠው ጥቁር የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ ጋሌና የተባለ የእርሳስ ማዕድን ሆኖ ተገኝቷል። የጥንት ግብፃውያንም የሚኳሉት በዚሁ ነበር። ከዚያም አልፈው፣ የፈረንሳይ ሊቃውንት በ1999 እንደ ገለጹት፣ በግብፅ መቃብሮች ከተገኙ የኩል ዕቃዎች በአንዳንዶቹ ውስጥ በተፈጥሮ የማይገኙ፣ በሰው እጅ የተቀመሙ ነጭ የእርሳስ ውሕዶች አሉ። በ2010 ደግሞ እነዚህ ነጭ ውሕዶች በጥቂቱ ሲሆኑ የዓይን ሕዋሳትን አነቃቅተው ጀርም እንዲከላከሉ ሳይረዱ አይቀርም የሚል ጥናት አወጡ። ስለዚህ ጥንታውያን ኩል ለዓይን ይበጃል ያሉት ያለ ምክንያት ላይሆን ይችላል። እኛ ግን በዚህ አንጽናና። የግብፅ ባለ መድኃኒት ያየው የዓይኑን መዳን ነው፤ ከዓመታት በኋላ በልጁ አእምሮ የሚሆነውን የሚያይበት መሣሪያ አልነበረውም።

አንድ የታወቀ ምሳሌ እንጥቀስ። በ2011 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የናይጄሪያ ተወላጅ የሆኑ ወላጆች ያሏት አንድ የስድስት ወር ሕፃን ሲመረመር በደሙ ውስጥ እርሳስ ተገኘ። ቤቱ ተፈተሸ። የተገኘው ነገር ገና የሁለት ሳምንት ልጅ ሳለ ጀምሮ ዓይኑን ሲኩሉት የነበረው ከአገር ቤት የመጣ ዱቄት ነው፤ ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆነው እርሳስ ነበር። ወላጆቹ ለልጃቸው መልካም እያደረጉ ነበር። በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ከአዲስ አበባ ኩል ላኩልን ሲሉን ይህን አስቡ፤ በአሜሪካ እንዲህ ያለውን ኩል ለመዋቢያ መሸጥ ሕግ አይፈቅድም።

ኩል ሁሉ እርሳስ አይደለም፤ ከጥላሸት የሚሠራም አለ። ክፋቱ በዓይን ለይቶ ማወቅ አለመቻሉ ነው። ሁለቱም ጥቁር ዱቄት ናቸው። ስለዚህ ምን እንደ ሆነ ያልታወቀ ኩል ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ባይሆን እንላለን። በአንድ መኳያ ብዙ ሰው መኳሉም ሌላ ጉዳት አለው፤ የዓይን በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል።

ከጋሼና ካነበብነው ያገኘነውን ስለ አሮጌ ቀለም እንንገራችሁ። ያልተላላጠና ያልተሰነጠቀ አሮጌ ቀለም ካለ ሳይነኩ በላዩ አዲስ ቀለም መቀባት ይሻላል። መፋቅ ግድ ከሆነ ደረቁን አትፈግፍጉ፤ በውኃ እያራሳችሁ ፋቁ፤ ከሥር ላስቲክ አንጥፉ፤ የወደቀውን ቅርፊት በላስቲክ ጠቅልላችሁ አውጡ። በእሳት እየለበለቡ መላጥ ከሁሉ የከፋ ነው። በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፤ አቧራውን ታስነሡታላችሁ። በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። የሠራችሁበትን ልብስ ከቤት ልብስ ጋር አትጠቡት። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች በአጠገቡ አይኑሩ። በተለይ አንድ ነገር በሰፈራችን ስለምናይ እንናገር፤ የፈረሰ ቤት በርና መስኮት ለማገዶ ይሸጣል፣ ቀለም የተቀባው እንጨት ከምጣድ ሥር ይነዳል። ጭሱ እናቲቱ ላይ ይሄዳል፤ እርሳሱ ከአመዱ ጋር ይቀራል፤ በአመዱም ዕቃ ይታጠባል። ቀለም የነካውን እንጨት አታንድዱ።

እኛስ ምን አደረግን? የሕፃናቱን ክፍል ከወለል እስከ መስኮት ሦስት ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልን፤ ደጅ የጠረግነውን ብናኝ ከላይኛው አፈር ጋር አንሥተን ጠቀለልነው። አዲስ ቀለም ለመግዛት ስንወጣ «ከሚሊዮን 90 በታች ነው ወይ?» ብለን በሁለት ሱቆች ጠይቀን ሻጮቹ ምን እንደምንል አልገባቸውም። በሦስተኛው ሱቅ ሻጩ ቆርቆሮውን ከኛ ጋር እያገላበጠ አነበበ፤ የእርሳሱ መጠን የተጻፈበትን አገኘን፤ እርሱም «እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለን። የገዛነው የውኃ ቀለም ነው፤ በውኃ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚገኘው እምብዛም ነውና።

ከሁሉ የከበደን ወደ ትንሿ ልጅ ቤት መሄዱ ነው። ሦስት ሆነን ሄድን። እናቷን «እትዬ፣ ይቅርታ ልንጠይቅ ነው የመጣነው» ብለን የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙን። ልጅቱ ደኅና መሆኗን፣ ቢሆንም ለሐኪም እንደሚያሳዩዋት ነገሩን፤ እኛም ሐኪሙ ስለ ብናኙ እንዲያውቅ በወረቀት ጽፈን ሰጠናቸው። ወተት፣ ጎመንና ምስር እንዳይጎድልባት፣ ካልሲየምና አይረን ያልጎደለው ልጅ እርሳሱ በቀላሉ እንደማይገባው ያነበብነውንም ነገርናቸው። ልንወጣ ስንል ከጓዳ ገብተው በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ይዘው መጡ። ለታናሿ አራስ የሚኩሉበት ኩል ነበር። «ይህንንስ?» አሉን። ከመርካቶ ነው የተገዛው። ምን እንደ ሆነ ልንነግራቸው አልቻልንም፤ እስኪታወቅ ግን ባይኩሏት ብለን ለመንናቸው። መሐረቡን ቋጥረው መልሰው ከከፍታ ላይ፣ ከመሶቡ ጀርባ አኖሩት።

ያልተሠሩ አራት ወንበሮች ቀርተዋል። በሚመጣው ቅዳሜ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት እንሠራቸዋለን፤ ጋሼም ይገኛሉ። ለሥራ የምትመጡ ባልዲ፣ አሮጌ ጨርቅና የአፍንጫ መሸፈኛ ይዛችሁ ኑ። ብርጭቆ ወረቀት አታምጡ። ሕፃናቱ በዚያ ቀን በታችኛው አዳራሽ ይማራሉ።